መርዶ ጠባቂው አድሚን

ያለ ደሞዝ ከሚያገለግል ሰው ይሰውራችሁ! ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ያለን አበሾች የፌስቡክ ግሩፕ ነበረን፤ አድሚኑ ገበያው መግቢያ ላይ ፀጉር የሚያስተካክሉት ጋሽ ደሳለኝ ነበሩ። አንድ ቀን ረክሻዬን፣ አገር ቤት ባጃጅ የምንላትን፣ ጥላ ሥር አቁሜ ስልኬን ብከፍት፣ ሁሉም እንዲያየው ከላይ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ አገኘሁ። «ውድ አባላት፣ የረክሻ ነጂው የሙላት አጎት መተማ ላይ ማረፋቸውን አንድ አባል ጽፎ ነበር፤ አጥፍቼዋለሁ። በአገራችን ደንብ መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ በሽማግሌ ነው። ለሙላት እስኪነገረው ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል!» ሙላት ማለት እኔ ነኝ፤ አጎቴም እንደ አባት ሆነው ያሳደጉኝ ሰው ናቸው።

እንባዬን እየጠረግሁ ከሥሩ «ጋሽ ደሳለኝ፣ መርዶውን እኮ እርስዎ ነገሩኝ» ብዬ ጻፍሁ። ወዲያው አጠፉት። ብደውልላቸው ተቆጡኝ። «ደንብ ለሁሉም እኩል ነው። መርዶ ያለ ሰዓቱ አወጣህ፤ ከግሩፑ አስወጥቼሃለሁ። ኸላስ፣ አለቀ!»

«ጋሼ፣ የሞቱት እኮ የኔ አጎት ናቸው!»

«ቢሆኑስ? እኔ ሥራዬን ፈትቼ በነፃ የምለፋው ለማን መሰለህ?»

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ጋሽ ደሳለኝ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ቆመዋል። ትከሻዬን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እንግዲህ ጠንከር በል፤ ያልሰማኸው ነገር አለ» አሉኝ።

ምን ላድርግ? እንዳልሰማ ሰው እንደ አዲስ ጮኽሁ። የዕድራችንም ዳኛ እሳቸው ናቸዋ!