እሑድ አይምጡብን

ጋሽ አንሙት፣ እርስዎ ዝም ብለው ተቀምጠው እኔ ስናገር ይህ የመጀመሪያው ቀን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነገሩ ተቃራኒው ነበር፤ ስለዚህ ብሳሳት ይታገሡኝ።

እዚህ ቢሮ የመጡ ዕለት ዝናብ ነበር። ጋቢዎን ለላፕቶፑ አልብሰው እርስዎ በስብሰው ገቡ። እኔ ያኔ መዝጋቢ ነበርኩ። የቦት ጫማዎን ጭቃ አየሁና ምን ፈልገው እንደመጡ ሳልጠይቅ የአባልነት ቅጽ ሞላሁልዎ፤ "ሥራ" በሚለው ቦታ ላይ "ገበሬ" ብዬ ጻፍኩ። ፈረሙ። ወረፋ ይጠብቁ አልኩዎ፤ ጠበቁ። ሰው ሁሉ ሲያልቅ ቀስ ብለው፣ "እኔ እንኳ ቴክኒሻን ሆኜ ተቀጥሬ ነው የመጣሁት፤ ሥራዬን ከየት ልጀምር?" አሉኝ። መዝገቡ ላይ እስካሁን ገበሬ ነዎት። ነገ ጡረታ ወጥተው ይጁቤ እርሻዎ ሲገቡ እውነት ይሆናል።

እንግዶች ስላላችሁ ልንገራችሁ። የኢንተርኔት ማኅበራችን ባለቤቶች አባላቱ ናቸው። የአባላቱ ደብዳቤ፣ የየገበያው ዋጋ፣ የየኔታ ገብረ ሚካኤል የዜማ ትምህርት፣ ሁሉም የሚቀመጠው ሰርቨር የሚባለው ማሽን ላይ ነው። ማሽኑን ከሌላ ድርጅት እንከራያለን። ከየትኛው ድርጅት እንደሆነ ጉባኤው ይመርጣል ይባላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ጋሽ አንሙት ይመርጣሉ፣ እኛ እጅ እናወጣለን።

ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት ድርጅቶች ቀረቡ፤ አንዱ ውጭ አገር ያለ ትልቅ፣ አንዱ አዲስ አበባ ያለ ትንሽ። ሒሳብ ሠራተኛችን እስከዳር ትልቁ ይሻላል ብላ ሦስት ገጽ ጽፋ መጣች። ጋሽ አንሙት ደግሞ በጥምቀት ጠዋት ለሁለቱም ደወሉ። ትልቁ ጋ የተቀዳ ድምፅ መለሰላቸው። ትንሹ ጋ ስልኩን ያነሣው ዘበኛው ነበር፤ ሠራተኞቹ ታቦት ሊሸኙ እንደወጡ ነግሮ፣ ከፈለጉ ገብቶ የማሽኖቹ መብራት እየበራ እንደሆነ ሊያይላቸው እንደሚችል ነገራቸው። በቃ፣ አለቀ። በጉባኤው ላይ እስከዳር፣ "ጋሽዬ፣ ዘበኛ አይተን ነው የምንዋዋለው?" ብትላቸው፣ "ልይልዎ ያለኝ እሱ ብቻ ነው" አሏት። ሁላችንም እጃችንን አወጣን።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ የዚያ ድርጅት ማሽኖች ተቃጠሉ። የእኛም ሁሉ አብሮ ጠፋ። ደግነቱ ጋሽ አንሙት ያወጡት ደንብ ነበረን፤ የሁሉም ነገር ቅጂ ያለበት ዲስክ በየወሩ እየታደሰ፣ ልክ እንደ ማኅበር ጽዋ ከአባል ቤት ወደ አባል ቤት ይዞራል። ያን ወር ዲስኩ ሮብ ገበያ፣ እትዬ ወለተ ኪዳን ቤት ነበር። ጋሽ አንሙት ጭቃውን ረግጠው ሄዱ። እትዬ ወለተ ኪዳን ዲስኩን ከገብስ ጎታቸው አውጥተው አሳዩዋቸውና መልሰው ከተቱት። "ቀጣዩ ተረኛ አማረ ነው። ለአማረ እንጂ ለእርስዎ አልሰጥም" አሏቸው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ ቢሏቸው፣ "እንግዲያማ ያውቁታል" ብለው ጎታውን ከደኑ። ጋሽ አንሙት ወደ ማርቆስ ከተማ ተመልሰው አማረን ይዘው ሄዱ።

የጠፋው ሁሉ ሲመለስ ጉባኤ ጠሩ። ቆመው፣ "የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼባችኋለሁ" አሉ። ከመካከላችን አንድም ሰው እኛም እጅ አውጥተናል አላለም። እኔም ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጋሽ አንሙት፣ ማተሚያ ማሽኑ ያበላሸውን ወረቀት አይጥሉም ነበር። የማላውቀውን ነገር ጀርባው ላይ ይጽፉልኝና ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ይሄዳሉ። ሰው ፊት አርመውኝ አያውቁም። የተማርኩት በዚያ ወረቀት ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ጠዋት ደረጃው ላይ ሲያስሉ እሰማና መጡ ብዬ መጋረጃውን እከፍታለሁ። ሰኞ የማን ሳል ሰምቼ እንደምከፍተው አላውቅም።

እሑድ ደግሞ እንደገና እንመርጣለን። ሦስት ድርጅቶች ቀርበዋል። ቦታዎን የተረከብኩት እኔ ስለሆንኩ ለጉባኤው የማቀርበው እኔ ነኝ። አባላቱ ግን ከአሁኑ እየደወሉ ጋሽ አንሙት የቱን መረጡ ይሉኛል። እርስዎም ትናንት፣ "እሑድ በጠዋት ከይጁቤ እነሣለሁ። ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፤ ቃል አይወጣኝም" አሉኝ። ደስ ብሎኝ አደርኩ። ሲነጋ ግን አሰብኩት። ጥግ ላይ ቢቀመጡም ሁላችንም የምናየው ፊትዎን ነው። ቅንድብዎ ከፍ ካለ አንዱን ድርጅት እንጥላለን። ነገሩ ከተበላሸ ደግሞ እንደገና እርስዎን ብቻዎን እናቆማለን።

ስለዚህ ገና ሳይሄዱ እየናፈቁኝ፣ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። እሑድ አይምጡ። በሌላው ቀን ሁሉ ይምጡ፤ በገበያ ቀን፣ በበዓል፣ ያለ ምክንያትም ይምጡ። እሑድን ግን ለእኛ ይተዉልን።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ። ጋሽ አንሙት፣ ማሳዎ ያማረ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ ደጅዎ ጠያቂ የማይጠፋበት ይሁን። እኛም መርጠን፣ ብንሳሳት እንኳ የራሳችንን ስሕተት ይዘን ይጁቤ ድረስ እንመጣለን። ለጋሽ አንሙት።