ስድሳ ሲነዱ ሠላሳ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ታክሲ ስንሄድ ከፊቴ የተቀመጠ የተማሪዎች ሰርቪስ ሹፌር አጠገቡ ላሉ የማያውቃቸው እናት ብሶቱን ያወራ ነበር፤ ሚኒባሱ በሙሉ ሰማ።

«መካኒኩ ካምቢዮዬን ቀየረልኝ። የፍጥነት ሴንሰሩን ግን ከአሮጌው ፈትቶ አዲሱ ላይ መግጠም ነበረበት።»

«አልገጠመውም?»

«ከአዲሱ ጋር የመጣው ሴንሰር ሶኬቱ ገባለታ! ለእሱ ገባ ማለት ሆነ ማለት ነው። ከእኔ ዳሽቦርድ ጋር አይናበብም። ስድሳ ስነዳ ሠላሳ ያሳየኛል። ትራፊክ ባይይዘኝ አላውቅም ነበር።»

«አሮጌውን ይመልስልሃ!»

«የወለቀ ዕቃ ለጋራዡ ነው ብዬ ትቼለት መጣሁ። ከነሴንሰሩ ሸጦታል። አሁን ልተናነቀው እየሄድኩ ነው። ‹መርፌው እስከተንቀሳቀሰ ምን ቸገረህ› ይለኛል እኮ፣ እናቴ! መካኒክ ነው ይሄ?»

«ደፋር! ታዲያ ልጆቹን ማን እያመላለሳቸው ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ፍጥነትህን በምን አውቀህ?»

«በግምት።»

«በግምት? የሰው ልጅ ጭነህ በግምት? አንተስ ከእሱ በምን ትሻላለህ?»

«ኧረ እናቴ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«ቀስ ማለትህን ማን ነገረህ? መርፌው?»

ልጄን ጠዋት ጠዋት የሚወስደውን የሰርቪስ ሹፌር መልክ ለማስታወስ ሞከርኩና አቃተኝ።