ስልሳ አራት ያልበቃቸው እትዬ

ወዳጆቼ፣ ወንበር ያላገኛችሁ ግድግዳውን ተደገፉ። እትዬን በጡረታ የምንሸኝበት ቀን ስለሆነ አጭር እናገራለሁ ብዬ አልዋሽም።

እትዬ እዚህ ላቦራቶሪ የመጡበትን ቀን ከእኔ ሌላ የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። የቅጥር ደብዳቤያቸው «የሙከራ እንስሳት ተንከባካቢ» ይላል። እሳቸውም በደብዳቤው መሠረት ተዘጋጅተው መጡ፦ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቡት፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ በብብታቸው ደግሞ ረጅም መጥረጊያ። በሩ ላይ ቆሙና እንስሳቱ የት እንደታሰሩ ጠየቁኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ብርጭቆውን አዩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩ።

«ውሃው ይታየኛል» አሉ።

ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁላቸው። ያን ጊዜ ነጥብ የሚያካክሉ ነገሮች ሽቅብ ሲዘሉ አዩና ጓንታቸውን በዝግታ አወለቁ። «ለእነዚህ ነው ከቤቴ ቡት አጥልቄ የመጣሁት?»

ባለቤታቸውና ልጃቸው አብረውን ስላሉ ሥራችንን ባጭሩ ላስረዳ። የውሃ ቁንጫ ይባላሉ እንጂ አይነክሱም። በኩሬና በወንዝ ይኖራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ እያጣሩ በውስጡ ያለውን አረንጓዴ አልጌ ይበላሉ፤ እነሱን ደግሞ ትንንሽ ዓሦች ይበሏቸዋል። እኛ የምንጠይቀው ናኖ ቅንጣት በገባበት ውሃ ውስጥ ምን እንደሚሆኑ ነው። ናኖ ቅንጣት እጅግ የደቀቀ ብናኝ ነው፤ በአንድ ጸጉር ውፍረት ላይ በሺህ የሚቆጠር ይደረደራል። ላብ እንዳይሸት ተብሎ ጨርቅ ይነከርበታል፣ ቀለም ውስጥ ይገባል፤ ሲታጠብ ከእጣቢው ጋር ይሄዳል። ቁንጫዋ ከምግቧ ጋር ታጣራዋለች። ብዙ ጊዜ ወዲያው አትሞትም። መዝለሏ ይዘገያል፣ የምትወልዳቸው ልጆች ያንሳሉ። ስለዚህ ጉዳቱን የምናውቀው በመቁጠር ነው።

ሲቆጥሩ ያላያቸው ሰው ለምን «እትዬ እንደገና» እንደምንላቸው አይገባውም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ስልክ አንድ ጊዜ መቶ ሰማንያ ሰባተኛው ላይ ጮኸ። እትዬ አልተቆጡም። ትሪውን ወደ ቦታው መለሱ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ «አንድ» ብለው ጀመሩ። ሠራተኛዋ ከዚያ ወዲህ ስልኳን ውጭ ለጥበቃው ሰጥታ ነው የምትገባው። ዳይሬክተራችንም አልተረፉም። እንግዶች አስከትለው ሲገቡ እትዬ ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ የእጅ ቅባት ስለተቀቡ ታጥበው እንዲመለሱ ነገሯቸው። ታጥበው ተመለሱ። አሁንም ይሸታል ተባሉ። ሦስተኛው ላይ ነው የተፈቀደላቸው፤ ይኸው እየሳቁ ነው፣ ያን ቀን ግን አልሳቁም።

ባለቤታቸውን ቅድም ብጠይቃቸው፣ እትዬ ቤት ውስጥ ሩዝ ሲለቅሙም ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል አሉኝ። ስንት ልጅ እንዳላቸው ሲጠየቁ ደግሞ «ቤት አንዲት፤ እዚህ ዛሬ ጠዋት ሁለት መቶ አርባ» ይላሉ። አንዲቷ እዚያ ጥግ ተቀምጣለች። ከእነዚያ ጋር በመቆጠሯ ቅር ያላት አትመስልም።

አሁን ሳቁን ትንሽ ልያዘው። ስድስት ዓመት ተሸክሜው የቆየሁት ነገር አለ፤ እትዬ ከዚህ በር ከመውጣታቸው በፊት ማውረድ አለብኝ።

ከጨርቅ ፋብሪካው በታች የሚሄደውን ወንዝ የመረመርንበትን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ፋብሪካው ፍሳሹን እንዲሁ እየለቀቀ ይቀጥል ወይስ ማጣሪያ ይትከል የሚለው የሚወሰነው በእኛ ሪፖርት ነበር። ከወንዙ ዓሣ የሚያጠምዱና አትክልት የሚያጠጡ ሰዎች መልሱን ይጠብቃሉ። አሥር ብርጭቆ የወንዝ ውሃ፣ አሥር ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ፤ በእያንዳንዱ አንዲት ቁንጫ፤ ሃያ አንድ ቀን። በንጹሑ ውሃ አንዲቷ በአማካይ ስልሳ አራት ወለደች። በወንዙ ውሃ ስልሳ አንድ። የጎላ ልዩነት የለም፤ ስለዚህ ወንዙ ደህና ነው ማለት ነው። ሪፖርቱን እኔ ጻፍኩ፤ ሐሙስ እንዲወጣ ታዘዘ።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ የድሮ ደብተሮቻቸውን ታቅፈው መጡ። «ስልሳ አራት አይበቃም» አሉኝ። መመሪያውን ገልጬ ስልሳ ካለፈ እንደሚበቃ አሳየኋቸው።

«መመሪያው አያውቃቸውም፤ እኔ አውቃቸዋለሁ። የእኔዎቹ በንጹሕ ውሃ ዘጠና ይወልዳሉ። አንድ ነገር አሟቸዋል።»

እትዬ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብተው ሪፖርቱ እንዲቆም ጠየቁ። ቁጣው እስከ ኮሪደሩ ይሰማ ነበር። ለመዘግየቱ ተጠያቂው ማን ነው ሲባሉ «እኔ» አሉ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሽታውን ፈለጉ። ምግባቸውን ለወጡ፣ መብራቱን ለወጡ፣ ብርጭቆውን ሁሉ ቀቀሉ። ምንም የለም።

የውሃው ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ከባዶቹን የመስታወት ጠርሙሶች ማንሳት ሲሰለቸኝ፣ ከሙከራው ሁለት ወር ቀደም ብዬ ቀላል የፕላስቲክ በርሜል አስገብቼ ነበር። ሁላችሁም አመስግናችሁኛል። አንድ ማክሰኞ እትዬ ለብቻዬ ጠሩኝና በርሜሉን አዙረው ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ። ውስጡ ጀርም እንዳያፈራ በደቀቀ ብር ተለብጧል ይላል። ጌጥ የሚሠራበት ብር፤ በፋብሪካው ፍሳሽ ውስጥ የምንፈልገው ያው ናኖ ቅንጣት። ንጹሕ የምንለውን ውሃ የበከልኩት እኔ ነኝ።

«ይህን አንብበኸዋል?»

«አላነበብኩትም።»

«እኔም ከሦስት ወር በላይ በፊቱ ሳልፍ ጀርባውን አላየሁም» አሉ። «በል ጠርሙሶቹን አውጣ።»

እንደገና ሠራነው። በንጹሑ ውሃ ዘጠና አንድ፣ በወንዙ ስልሳ። ፋብሪካው ማጣሪያ ተከለ። ዛሬ ከወንዙ ዳር የሚያጠምዱትን ብትጠይቋቸው ፋብሪካው ደግ ሆኖ ነው ይሏችኋል፤ እትዬ የሚባሉ ሰው መኖራቸውን አያውቁም።

እዚህ ድረስ ያለውን ጥቂቶቻችሁ ሰምታችኋል። ያልሰማችሁት ይህን ነው። እትዬ መዝገቡ ላይ «የውሃ ዕቃ ችግር» ብለው ጻፉ እንጂ የማንንም ስም አልጻፉም። ያን ዓመት ለክፍል ኃላፊነት የታጩት እሳቸው ነበሩ። ሪፖርት ያዘገየ አይሾምም ተባለና ቦታው ለእኔ ተሰጠ። እኔም ተቀበልኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ልናገር አልኩ፤ በሁለተኛው ከበደኝ፤ ከዚያ ዓመት ሆነ።

እትዬ፣ ራስዎን አይነቅንቁ፤ ልጨርስ። ዓይንዎ «ማን ጠየቀህ?» እያለኝ ነው። ማንም አልጠየቀኝም፤ ስድስት ዓመት የፈጀብኝም ለዚህ ነው።

ዛሬ ጠዋት አንድ ገጽ ጽፌ፣ ፈርሜ ለዳይሬክተራችን ሰጥቻለሁ። በርሜሉን ያስገባሁት እኔ፣ ስህተቱን ያገኙት እርስዎ፣ ወቀሳውን ያለ ጥፋትዎ የተቀበሉት እርስዎ እንደሆኑ ይላል። ዳይሬክተራችንም ሁለት ጊዜ አነበቡትና በዚያ ሙከራ መዝገብ ውስጥ በገዛ እጃቸው አያያዙት። አሁን ከጎንዎ ነው የተቀመጡት፤ ስጨርስ የሚሉዎት አላቸው።

አመሰግንዎታለሁ። ስለሸፈኑልኝ ብቻ አይደለም፤ ያን ማክሰኞ ሊያዋርዱኝ ሲችሉ ጠርሙስ አሸክመው ወደ ሥራዬ ስለመለሱኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ጀርባውን ሳላነብ ያስገባሁት ዕቃ የለም። በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ፍጥረት ሲታመም ደንግጦ ሥራ የሚያስቆም ሰው ከጎኔ ነበረኝ፤ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አላገኘሁም።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ። እትዬ፣ ጠዋት የሚቀሰቅስዎት ደወል አይኑር። ወገብዎ ይረፍ፣ ዓይንዎ ይበርታ፣ የልጅዎን ልጅ ለማቀፍ ያብቃዎት። በዚህ ቤት አንድ ነገር ሲበላሽና «ተጠያቂው ማን ነው?» ሲባል ቀድመው እጅ የሚያወጡት እርስዎ ነበሩ። ከነገ ጀምሮ ያ ተራ የእኔ ነው።

ለጤናዎ፣ እትዬ።