ሁለተኛው አፍንጫ

የምስክር ስም፦ ራሞና ኪትልሰን
ዕድሜ፦ 72
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ የቀድሞ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር
አድራሻ፦ ሞንታና፣ ቶሌፍ ከተማ፣ የጎተራ መንገድ፣ የቤት ቁጥር 18
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2023፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሸሪፍ ዌድ ሄንሪክሰን
ጉዳዩ፦ ኖቬምበር 9 ቀን በአቶ ኤልመር ቮግት ቤት ስለደረሰው ፍንዳታና ቃጠሎ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ የማውቀውን እናገራለሁ። ቃሌን ከመጀመሬ በፊት ምክትል ሸሪፉ ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠይቆኛል። 14 መሆኑን ነግሬው፣ እሱ ፎርሙ ላይ 13 ብሎ መጻፉንም አሳይቼዋለሁ። አርሞታል። ይህም እንዲመዘገብልኝ ጠይቄያለሁ። ምክትል ሸሪፉን ስድስት ዓመት በአውቶቡሴ ትምህርት ቤት ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ የማስታወስ ችሎታዬን መፈተን ካስፈለገ ሌላ ሰው ቢመደብ ይሻል ነበር።

አቶ ኤልመር ቮግት ዕድሜው 81 ዓመት ሲሆን፣ በስንዴ ጎተራ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ አንድ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ ነው። ባለቤቱ ከሞተች ጀምሮ ብቻውን ይኖራል። እሱም ሆነ እኔ ለአደን የምንጠቀምበትን ጥይት ከሱቅ አንገዛም። የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስበን፣ አጽድተን፣ ባሩድና አረር ጨምረን መልሰን እንሞላዋለን። ለዚህ የሚሆነውን ጭስ አልባ ባሩድ ኤልመር ለሠላሳ አንድ ዓመት ያስቀመጠው በምድር ቤቱ ሰሜናዊ ጥግ፣ በጋም ክረምትም ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነ ቦታ፣ ራሱ በሠራው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑን ሆን ብሎ በቀጫጭን ምስማር ነው የመታው። ይህን ያደረገው ድንገት እሳት ቢነሳ ሣጥኑ ቶሎ ተበርግዶ ባሩዱ ነድዶ እንዲያልቅ፣ ታፍኖም እንዳይፈነዳ ነው። ባሩዱም ከተገዛበት ቆርቆሮ ወደ ሌላ ዕቃ ተገልብጦ አያውቅም።

እዚህ ላይ ምክትል ሸሪፉ «ያረጀና የተበላሸ ባሩድ» ብሎ ሲጽፍ አይቼ አስቁሜዋለሁ። «ያረጀ» የሚለው ይቆይ፣ «የተበላሸ» የሚለው ይሰረዝ ብዬ ተሰርዟል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። እኔ ራሴ ከአራት ዓመት በፊት፣ ከሣጥኑ ውስጥ በወጣና እ.ኤ.አ. በ1988 በተገዛ ባሩድ በሞላሁት ጥይት አጋዘን ጥያለሁ፤ ምክትል ሸሪፉም ከስጋው በልቷል። በደንብ የተቀመጠ ባሩድ ከገዛው ሰው በላይ ይኖራል።

በየዓመቱ በኤፕሪል የመጀመሪያው እሁድ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ከፍተን እናሸታለን። ደህና ባሩድ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያለ ሽታ አለው። የተበላሸው ግን ይኮመጥጣል፣ አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ ውስጡም እንደ ዝገት ያለ ቀይ ብናኝ ይታያል። አንድ አፍንጫ ሊሳሳት ስለሚችል፣ እዚህ አገር ጥይት የሚሞላ ሰው ሁልጊዜ ሁለተኛ አፍንጫ አለው። ካሸተትን በኋላ በቆርቆሮው ጎን ላይ በተለጠፈው ፕላስተር ቀኑንና የስማችንን መነሻ ፊደል እንጽፋለን። ክዳኑ ላይ አንጽፍም፤ ክዳን ይቀያየራል። የኤልመር ሁለተኛ አፍንጫ ለሃያ ሁለት ዓመት እኔ ነኝ። ሁለታችን ከተጠራጠርን ኤልመር ባሩዱን የዚያኑ ቀን ሜዳ ላይ በስሱ በትኖ ያስወግደዋል።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ቢሊንግስ ከተማ የሚኖረው የኤልመር ልጅ ዳረን ቮግት አንድ ትልቅ የብረት ካዝና ይዞ መጣ። የአባቱን ጠመንጃዎችም ባሩዱንም በአንድ ላይ ከተተበት። ካዝናው የቆመው በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ በቤቱ ማሞቂያና በልብስ ማድረቂያው መካከል ነው። ጠመንጃዎቹ እንዳይዝጉ ብሎም በውስጡ ቀንና ሌሊት የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዘንግ አስገባበት። እኔ ቆሜ እያየሁ ነበር። ዳረን የእንጨት ሣጥኑን በእግሩ ነካ አድርጎ «አባዬ፣ ይሄ እኮ የዶሮ ቤት ነው» አለው። ኤልመርም «የዶሮ ቤት ፈንድቶ አያውቅም» ሲል መለሰለት። ካዝናው የሚከፈተው በቁጥር ሲሆን ቁጥሩን የያዘው ዳረን ብቻ ነበር። ዳረን ክፉ ሰው አይደለም። ለአባቱ ይፈራል፤ ፍርሃቱን ግን በብረት ቆልፎ አስቀመጠው።

በ2022 ኤፕሪል ዳረን መጥቶ ከፈተልን፣ አሸተትን፣ ደህና ነበር። በዚህ ዓመት ኤፕሪል 2 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሦስታችንም ካዝናው ፊት ቆመን ሳለ ኤልመር አንደኛውን ቆርቆሮ ከፍቶ አሸተተና «ኮምጥጧል፤ ዛሬውኑ ይውጣ» አለ። ዳረን ሳቀ። «አባዬ፣ አንተ እኮ ባለፈው የተበላሸ ወተት እስከ ታች ጠጥተህ ጣፋጭ ነው ያልክ ሰው ነህ። ሐኪሙስ ስለ አፍንጫህ ምን አለህ?» አለው። ኤልመር ቆርቆሮውን ወደ እኔ ዘርግቶ «በይ እስቲ አንቺ አሽቺ» አለኝ። አሸተትኩ። «ጉንፋን ይዞኛል፣ አልለየኝም» አልኩ። ኤልመር ትንሽ አየኝና እስክሪብቶውን አወጣ። ፕላስተሩ ላይ ቀኑን፣ «ኤ» የሚለውን ፊደልና «ኮምጣጣ» የሚል ቃል ጻፈ። ዳረንም «እሺ፣ ለአደን ስመጣ እናየዋለን» ብሎ ካዝናውን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ኤልመር ካዝናው እንዲከፈት አራት ጊዜ ስልክ እንደደወለ አውቃለሁ። ሁለቱን የደወለው ከእኔ ወጥ ቤት ሆኖ ነው፤ ዳረን ግን እስከ ፍንዳታው ቀን አልመጣም።

ኖቬምበር 9 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ የቤቱ ማሞቂያ ለክረምቱ መሥራት በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ደጄ ላይ በረዶ እየጠረግሁ ሳለ ፍንዳታውን ሰማሁ። የካዝናው በር የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ግድግዳ ይዞ ወጥቶ አጥሬ ሥር ወደቀ። ኤልመር የዚያን ጊዜ ውጭ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ወደሚነደው ቤት ሲሮጥ አይቼ ጮህኩበት፤ አልሰማኝም። ሁለቱ እጆቹ የተቃጠሉት በዚህ ጊዜ ነው። ዳረን የአባቱ ሞግዚት ለመሆን ለፍርድ ቤት ባቀረበው ማመልከቻ አባቱ «ግራ ተጋብቶ ወደ እሳቱ ገባ» ብሎ መጻፉን ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። ኤልመር የገባው የጋዙን መስመር ሊዘጋ ነው፤ ዘግቶም ወጥቷል። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መስመሩን ተዘግቶ እንዳገኙት ይጠየቁ። ግራ የተጋባ ሰው የራሱን ቤትና የእኔን ቤት አያድንም።

የፊታችን ሰኞ ዳኛው ኤልመር ራሱን ማስተዳደር አይችልም ብሎ ልጁን ሞግዚት አድርጎ ሊሾምበት እንደሆነ አውቃለሁ። እንደዚያ ከሆነ ቤቱ ይሸጣል፣ ኤልመርም ቢሊንግስ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። የተሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ አእምሮውም አፍንጫውም ከድቶት የተበላሸ ባሩድ ቤቱ ውስጥ አከማችቷል የሚል ነው። ባሩዱን ያበላሸው ዕድሜው አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት በቀዝቃዛ ምድር ቤት ያልተነካውን፣ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሙቀት ገደለው። እሱ ያከማቸውም አይደለም፤ ይውጣ ሲል የተቆለፈበት ነው።

ምክትል ሸሪፉ ከአጥሬ ሥር የተገኘ፣ ጎኑ የተጨመደደ አንድ ቆርቆሮ አሳይቶኛል። ፕላስተሩ ግማሹ ከስሏል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። በየዓመቱ «ኤ» እና «ራ» ጎን ለጎን ተጽፈዋል። የመጨረሻው መስመር ላይ ያለው «ኤ» ብቻ ነው። ምክትል ሸሪፉ ሁለተኛው ፊደል ለምን እንደጎደለ ጠይቆኛል። መልሴ የሚከተለው ነው።

ኤፕሪል 2 ቀን ጉንፋን አልያዘኝም ነበር። ባሩዱ ኮምጥጦ አፍንጫዬን ቆንጥጦኛል፣ ቀዩንም ብናኝ አይቻለሁ። የዋሸሁት ፈርቼ ነው። የእኔም ልጅ በዚያው ሰሞን «እማዬ፣ መንጃ ፈቃድሽን ብትመልሺ ምን ይመስልሻል» ማለት ጀምራ ነበር። ከኤልመር ጎን ብቆም ሁለት ሽማግሌዎች አብረው ጃጁ እንዳይሉን ፈራሁ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ብቻ በልጁ ፊት ምስክር ፈለገ፤ ያን ቀን ካድኩት። አፍራለሁ። ልጄም ይህን ወረቀት ታንብበው፤ ከዛሬ በኋላ ማንም አፍንጫዬን አይመረምርም።

በቆርቆሮው ላይ የጎደለውን ፊደል እንድሞላ እስክሪብቶ ጠይቄ ነበር። ምክትል ሸሪፉ ማስረጃ ላይ አይጻፍም ብሎ ከልክሎኛል። በዚህ ትክክል ነው። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦልኝ፣ ሁለት ቦታ አሳርሜ፣ የተናገርኩት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ሰኞም ዳኛው ፊት ቆሜ እደግመዋለሁ። ሙሉ ስሜን እንድፈርም ተነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የፈረምኩት እንዲህ ነው፦

የምስክሯ ፊርማ፦ ኤፕሪል 2፣ ኮምጣጣ፣ ራ

ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሸሪፍ ዌድ ሄንሪክሰን (ፊርማ)