ወረፋዋ እንዳይሰረዝ

በሰው ቤት ጉዳይ ጥልቅ ማለት አልወድም። ያን እሑድ ግን ከማታው ቅዳሴ በኋላ፣ እዚሁ ዴሊ ሲቲ፣ በእኛ በፊሊፒኖ ስደተኞች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የፓንሲት ኑድሌን ይዤ መቀመጫ ስፈልግ ሁላችንም ሎሎ፣ አያቴ እንደማለት፣ የምንላቸው አዛውንቱ ካሲያኖ ከወንድማቸው የልጅ ልጅ ከማሪቪክ ጋር ሲሟገቱ አገኘኋቸውና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ማሪቪክ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ነው የምትሠራው።

«ሎሎ፣ አዲስ የሕግ ረቂቅ ቀርቧል። ከጸደቀ፣ አዋቂ ልጆች የሚመጡበት የቪዛ ምድብ ይሰረዛል።»

የሽማግሌው ሹካ አየር ላይ ቀረ። «ምን አልሽ? ልጄ ፍሎርዴሊዛ እኮ ወደዚህ ለመምጣት አሥራ አራት ዓመት ተሰልፋለች!»

«ገና ረቂቅ ነው፤ ላይጸድቅም ይችላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ኖርቤርቶ እሷን ሊያገባ ቤተሰቡን ይዞ አራት ጊዜ ደጅ ሲጠና ለምን ከለከሉት?»

«አዬ ልጄ! ካገባች ማመልከቻው ይሞታላ! ይህን የማያውቅ ፊሊፒኖ አለ?»

«የሚሞተው እርስዎ በመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ስለተቀመጡ ነው። ዜግነት ወስደው ቢሆን ኖሮ አግብታም ወረፋዋን አታጣም ነበር። ምድቡ ይቀየራል፣ ጥበቃው ይረዝማል እንጂ አይሞትም።»

እኔም ክው አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስተምሬ ይህን አላውቅም ነበር።

«ባንዲራዬን አልክድም ብዬ ነዋ!» አሉ ሎሎ። «ታዲያ በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ?»

«ባንዲራው አይቀየምዎትም፤ አገራችን ዜግነቷን መልሳ ትሰጣለች። መጀመሪያ እርስዎ የዚህን አገር ዜግነት ይያዙ፣ ከዚያ እሷ ታግባ። ረቂቁ ጸድቆ ወረፋው ቢዘጋ እንኳ ባልና ቤት ይኖራታል። አሁን ያላት የወረፋ ቁጥር ብቻ ነው።»

ሎሎ ስልካቸውን አወጡ። ልጃቸው ያለችበት ኢሎይሎ ነግቶ ነበርና እዚያው ደወሉ፤ ጆሯቸው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍተውታልና ሁላችንም እንሰማለን።

«ልጄ፣ ተሳስቻለሁ። ዜግነት እወስድና ኖርቤርቶን ታገቢያለሽ። ይኸው መርቄሻለሁ!»

ከወዲያ የፍሎርዴሊዛ ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ ኖርቤርቶ እኮ ጥር ላይ አገባ። የሠርጉን ሩዝ የቀቀልኩት እኔ ነኝ።»

ጌታ ሆይ! ሽማግሌው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እኔስ ምን ብዬ ላጽናናቸው?

ማክሰኞ ማሪቪክ የዜግነቱን ቅጽ ሞላችላቸው። አሁን እሑድ በመጣ ቁጥር ሎሎ አዳራሹን እየዞሩ፣ እንደ እሳቸው በመኖሪያ ፈቃድ የተቀመጠውን ሁሉ ክንዱን ይይዙታል።

«ዜግነትህን ውሰድ። ልጅህ በጊዜዋ ታግባ፣ ትውለድ፤ ወረፋዋም ይቀጥል። እኔ ልጄን የዳርኳት ለወረፋ ነው።»