ለአንድ ቀን የተሰጠች ማርሚታ

እምሩ፣ ና እንጂ ቁጭ በል፤ ማኪያቶህን አዝዤልሃለሁ። ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው አይደል? ከጊዮርጊስ ቁልቁል ስመጣ ሳንባዬ ድረስ ነው የገባልኝ። በእግሬ ነዋ። ሰው በእግሩ ሲሄድ ስንት ነገር ያያል መሰለህ... ሠላሳ ዓመት መሪ ይዤ ምኒልክ አደባባይን ስዞር ፈረሱን አንድ ቀን ቀና ብዬ በደንብ አላየሁትም ነበር። ዛሬ ቆሜ አየሁት። ጊዜ አለኛ።

መኪናዬ? ደህና ናት፣ ግቢ ውስጥ ተኝታለች። ለእሷም ዕረፍት ያስፈልጋታል።

የጠራሁህ ግን ለሌላ ነው። አንተ የታክሲ ማኅበራችን ሊቀመንበር ስለሆንክ አንድ የተራችንን ልጅ ላመስግንልህ ብዬ ነው። ስሙን አልጠራልህም፤ ትሑት ልጅ ነው፣ ሲመሰገን ያፍራል።

መኪናውን መቼም ታውቃታለህ። የእሱም ዲኤክስ፣ የእኔም ዲኤክስ፤ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ዘመን የወጡ እህትማማቾች ናቸው። እሱ ግን አራዳ ነው፤ እንደ እኔ ፋብሪካ የሰጠውን ይዞ አይቀመጥም። ሞተሯን አስከፍቶ እንደገና አሠራት። ነዳጅ እንደ ውኃ የሚያንቆረቁር ትልቅ ካርቡሬተር አስገጠመላት። ድምፅና ጭስ የምታፍነውን ማርሚታ አስወጥቶ ክንዴን የሚያህል ቧንቧ አስበየደላት። ውቤ በረሃ ላይ ሲያስነሳት እሪ በከንቱ የተኛ ሕፃን ይነቃል። ሳይፈርሱ የቀሩት ወርቅ ቤቶች መስታወታቸው ይንቀጠቀጣል። ጭሱስ? ጭሱ ለጋስ ነው፣ ሰው አይመርጥም። ነጭ ነጠላ ለብሳ ከቅዳሴ የምትመለስ እናት እንኳ ድርሻዋን ይዛ ነው ቤቷ የምትገባው።

ታዲያ ይቺ መኪና የዘንድሮን ምርመራ አለፈች። በመጀመሪያው ሙከራ። የጭስ መለኪያውን ዘንግ ከኋላዋ ሲከቱባት ማሽኑ ምንም አላገኘባትም። ያ ልጅ ቦሎውን መስታወቷ ላይ ለጥፎ ሲመጣ ሰው ሁሉ እጁን እየጨበጠ እንኳን ደስ አለህ አለው። አንተ በተአምር ታምናለህ? እኔ አምናለሁ... የት ጋራዥ እንደተሠራ ስለማውቅ።

የሰፈራችንን ልማድ ለአንተ አልነግርህም። ለምርመራ ቀን ጎማ እንዋዋሳለን፣ ክሪክ እንዋዋሳለን፣ ያቺን ቀይ ባለሦስት ማዕዘን ምልክት እንዋዋሳለን። አምና የእኔን እሳት ማጥፊያ ይዘህ አልፈህ የለም? በዚያው ቀን ጠርገህ መለስክልኝ፣ እግዜር ይስጥህ። ዘንድሮ ጭስ በማሽን ይለካል ሲባል ያ ልጅ ቤቴ መጣ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ ገብቷል። ሥራ ከፈታሁ ምን አበላታለሁ አለኝ። እኔ ነኝ እኮ መንዳት ያስተማርኩት። “ጋሽ ደምመላሽ፣ እርስዎ ለእኔ አባቴ ነዎት፤ ለአንድ ቀን ብቻ” አለኝ። ልጅ የለኝም፣ ታውቃለህ። አባት ስባል ልቤ ራራ፤ ጥፋቱ የልቤ ነው።

ቅዳሜ እሪ በከንቱ ቁልቁለቱ ላይ ያለው ጋራዥ ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን አቆምን። የእኔ ካርቡሬተርና ማርሚታ ወደ እሱ ሄዱ። የእኔዋ ባዶ ሆና እንዳትቆም የእሱ እሷ ላይ ተገጠሙ። ያን ካርቡሬተር ሃያ ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ ሳጥበው ኖሬያለሁ። ባለቤቴ አሰፋች፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እኔን አንድ ቀን እንዲህ ተጠንቅቀህ ይዘኸኝ አታውቅም ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው።

ሰኞ ምርመራውን አለፈ። ማታ ይመልሳል ብዬ መፍቻዬን አውጥቼ ጠበቅሁ። አልመጣም፤ ደስታው በዝቶበት ይሆናል። እኔ ደግሞ ይሉኝታዬን ታውቀዋለህ። ለሰው የሰጠሁትን መልስልኝ ማለት ምላሴ አይችልበትም። ማክሰኞ ቤቱ ሄድኩ፣ የሚስቱን ጤና ጠይቄ ተመለስኩ። ረቡዕ ሄድኩ፣ ስለ ኳስ ስናወራ መሸ። ሲሸኘኝ እንኳ “መንገዱ ጨለማ ነው፣ ይጠንቀቁ” አለኝ። እንዴት ያለ አሳቢ ልጅ ነው። ሐሙስ ስሄድ ቤት የለም አሉኝ። መኪናዋ ግን በር ላይ ቆማ ነበር፣ ማርሚታዬን ለብሳ። እሷን ሰላም ብዬ ተመለስኩ።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ጆሮዬ ስለደከመ ነው፣ ይቅርታ። ያ ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ስልኩን የሚያየው ሰው ይሰማናል ብለህ ነው? ይስማ፣ ምን አለበት። ስለ ማንም ክፉ አላወራሁም። ደግሞ ስልኩን ካየ ቆየ፤ ማኪያቶውም ቀዝቅዞበታል።

ዓርብ የእኔ ቀጠሮ ነበር። ቀጠሮ መሰረዝ ሰው ማስጠበቅ ነው ብዬ የእሱን ካርቡሬተርና የእሱን ቧንቧ እንደተሸከመች ነድቻት ሄድኩ። ከበሩ ስገባ ዘበኛው ጆሮውን ያዘ። ዘንጉን ሲከቱባት ማሽኑ ጮኸ፣ ሰው ዘወር ብሎ አየኝ። መርማሪዋ ልጅ እግር ናት፣ ጨዋ። መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻት፣ ከዚያ ሽበቴን አየች። “አባቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ ከማን ጋር ነው የሚሽቀዳደሙት?” አለችኝ። ምን ልበላት? የእኔ አይደለም፣ የሰው ነው ልበላት? ወደቀች ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ሠላሳ ዓመት ወድቄ አላውቅም ነበር እኮ።

እሁድ ስብሰባው ላይ ደግሞ ያ ልጅ ያደረገውን ንግግር አንተው በቃለ ጉባኤ ይዘኸዋል። የአራዳ አየር የልጆቻችን ነው አለ። እንዲህ ያለ ቃል ከጥልቅ ልብ ካልሆነ ከየት ይወጣል? እኔም አጨበጨብኩ። ቀጠለና፣ ያረጀና የሚያጨስ መኪና የያዙ አባቶቻችን በክብር ይረፉ፣ እስከ ፊታችን ዓርብ ቦሎ ያልለጠፈ ስሙ ከተራው ይሰረዝ አለ። ይህን ሲል እኔን አላየኝም። ስለሚያከብረኝ ነው፣ ዓይኔን ማየት ይከብደዋል። ድምፅ ሲሰጥ የእኔም እጅ ሳይቆጠር አልቀረም፤ ለጭብጨባ አንስቼው ሳላወርደው ነበር።

አልዋሽህም እምሩ፣ ከፍቶኛል። ያ ተራ ከቀረብኝ ሌላ እንጀራ የለኝም፣ ሌላ ሙያም አላውቅም። በስልክ የሚጠራ ታክሲ ግባ ይሉኛል፤ እኔ ስልኩን ከየት በኩል እንደሚያናግሩት ገና አሁን ነው የለመድኩት። የሚያስፈልገኝ ግማሽ ቀንና ሁለት ዕቃ ነው። ዛሬ ቢገጠሙ ነገ መርማሪዋ ፊት እቀርባለሁ፣ ዓርብ ተራዬ ላይ እቆማለሁ።

ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም አትበለኝ። የማን ዕቃ ማን መኪና ላይ እንዳለ ብናገር ያ ቦሎ ከመስታወቱ ይነሳል፤ ያቺ ነፍሰ ጡር ምን ታደርግ? ደግሞ እኔም ፈቅጄ ያዋስኩ ነኝ፣ ንጹሕ ነኝ አልልም። ስለዚህ ስም አልጠራም። ዓርብ ድረስ ቦሎ ካልለጠፍኩ ስሜን ሰርዝ፣ እጅህ አይንቀጥቀጥ፤ ሁላችንም እጅ አውጥተንበታል።

ተወው፣ ማኪያቶህን ጠጣ። ያ ጥግ ላይ የነበረው ሰውም ሊነሳ ነው መሰለኝ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው አነሳ። የቸኮለ ሰው በሰላም ይግባ።

ይልቅ ያን ልጅ ከመለያየታችን በፊት እንመርቀው፤ ሽማግሌ ከምርቃት ሌላ ምን አለው? አንተም አሜን በል። ለሚስቱ ማርያም ትቅረብላት፣ በሰላም ታገላግላት። ወንድ ልጅ ይስጠው፣ እግዜር ያሳድግለት፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። እሱም ዕድሜ ጠግቦ ጉልበቱ ሲደክም፣ በልጁ እጅ ሲወድቅ፣ ልጁ ልክ እሱ እኔን እንደ አባት እንደያዘኝ አድርጎ ይያዘው።