የእትዬ ጥሩወርቅ ትኩሳት

(ሆስፒታል፣ የሴቶች ክፍል፣ ከጠያቂ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ፤ በኩላሊት ኢንፌክሽን የተኙት እትዬ ጥሩወርቅ አልጋቸው ላይ፣ ወጣቱ ዶክተር ናሁሰናይ ቴርሞሜትር ይዞ ራስጌያቸው ቆሟል።)

ዶክተር፦ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ቴርሞሜትሩ ላይ አጥሚት ምን ያደርጋል?

ጥሩወርቅ፦ አፌ ውስጥ ነበራ! አጥሚት ከጠጣ አፍ ምን ይዞ እንዲወጣ ኖሯል?

ዶክተር፦ የሰጠሁዎት ለብብት ነው።

ጥሩወርቅ፦ እንግዲህ ብብትም ይርበዋል።

ዶክተር፦ አርባ ሁለት ይላል እኮ! እንዲህ የሚያተኩሰው ሰው ቁጭ ብሎ ሹሩባውን አያስተካክልም። የአጥሚቱ ፔርሙስ ውስጥ ነክረውታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ጤናውን የደበቀ ሰው ግን እርስዎን አየሁ።

ጥሩወርቅ፦ እስከ እሑድ ብቻ አቆየኝ፣ አንተ ልጅ።

ዶክተር፦ ገና ሲገቡ “ሐሙስ ይወጣሉ” ብዬዎት ነበር። ሐሙስ ዛሬ ነው። ትኩሳቱ ወርዷል፣ ሽንትዎ ጠርቷል፣ መርፌውም በኪኒን ተተክቷል።

ጥሩወርቅ፦ ሐኪም ነህ ጠንቋይ? ገና በሽተኛ ሲገባ መውጫውን ትናገራለህ አሉ።

ዶክተር፦ ግምት ነው። ዕድሜውን አያለሁ፣ ስኳሩን አያለሁ፣ ሕመሙን ቤት ውስጥ ምን ያህል እንዳቆዩት አያለሁ…

ጥሩወርቅ፦ እልህስ? እልሄን ደምረኸዋል?

ዶክተር፦ እልህ በሽንት ምርመራ አይታይም።

ጥሩወርቅ፦ እንግዲያው ስማ። እህቴ ዘነበወርቅ አልመጣችም። ከተኳረፍን ሁለት ክረምት አለፈ።

ዶክተር፦ በምን ተጣላችሁ?

ጥሩወርቅ፦ ማኅበር ባወጣሁ ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ “ጠላሽ ቀጥኗል” አለችኝ!

ዶክተር፦ ቀጥኖ ነበር?

ጥሩወርቅ፦ አንተን ምን አገባህ? … ቀጥኖ ነበር። ቢሆንም በሰው ፊት ይባላል?

ዶክተር፦ ታዲያ ሄደው አይታረቁም?

ጥሩወርቅ፦ እኔ ታላቋ? የታናሼን ደጅ ልጥና? የታመመ ሲሆን ግን የተኳረፈም ይጠይቃል፤ አልጋ ላይ እያለሁ ከመጣች ማንም ማንንም አላሸነፈም። ቤቴ ከገባሁ “ድናለች” ብላ በዚያው ትቀራለች። የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ነው፣ ልጄ። ናፍቃኛለች። ሌላ የእናቴን ልጅ ከየት አመጣለሁ?

ዶክተር፦ አንጀቴን በሉት። ግን ኮሪደሩ ላይ አልጋ የምትጠብቅ ልጅ አለች። ሕመሟ የእርስዎው ነው፤ ብርድ ብርድ እያላት ትንቀጠቀጣለች።

ጥሩወርቅ፦ ውይ በሞትኩት! ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ? ያን ነጠላዬን አቀብለኝ። ዘነበወርቅም እንደ ፍጥርጥሯ።

ዶክተር፦ ቀስ ይበሉ እንጂ። ለመሆኑ ይህን አጥሚት ማን ነው የሚያመጣልዎት?

ጥሩወርቅ፦ የእድር ሰዎች ናቸዋ፤ በየቀኑ በዘበኛው ይልኩልኛል። እጃቸው ይባረክ፤ ብቻ ቀጥኗል።

ዶክተር፦ አጠር ያሉ፣ ጉንጫቸው ላይ ማርያም የሳመቻቸው ሴትዮ ናቸው የሚያመጡት። በሩ ላይ እየጠበቁ “መቼ ነው የምትወጣው?” ይሉኛል፤ ለእርስዎ እንዳልናገር አስምለውኝ።

ጥሩወርቅ፦ ዘነቡ! … ዘነቡዬ! ምን አልካት?

ዶክተር፦ “ሐሙስ” ስላቸው “እንግዲያ ከዳነች ምን አስገባኝ” ብለው ይመለሳሉ። ዛሬ ጠዋት ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አየሁና “ግምቴ ሳይሳሳት አልቀረም፤ ገና ይቆያሉ” አልኳቸው። “በቃ፣ ኩርፊያውም ይቅር፤ በጠያቂ ሰዓት እገባለሁ” አሉ። (በበሩ አሻግሮ አይቶ) ይኸው፣ አሁን ደረጃውን እየወጡ ነው።

ጥሩወርቅ፦ አንተ ቀጣፊ! ሐኪም ይዋሻል?

ዶክተር፦ ከእርስዎ አርባ ሁለት ዲግሪ አይበልጥም።

ጥሩወርቅ፦ በል አልጋውን ለልጅቷ ስጣት፤ እኔ ወንበሩ ላይ ሆኜ አቃስታለሁ። ብቻ ስማኝ፣ “አጥሚቱ ቀጥኗል” ያልኩትን እንዳትነግራት፤ ሌላ ሁለት ክረምት አልችልም።